የእማዬ ጣውንቶች

ባለፈው ሰሞን የወጥ ቤቴን በር ማጠፊያ የሚቀይርልኝ አናጺ ጠርቼ ነበር። ድሪሉን ሰክቶ መብሳት ሲጀምር ጫፉ ደንዞ ነበር መሰለኝ፣ እንጨቱ በመበሳት ፈንታ መቃጠል ጀመረ። ያ ሽታ! የተለበለበ ዋንዛ፣ የጋለ ሞተር፣ ትንሽም የላስቲክ ጠረን። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?» አለኝ ሰውዬው።

«ምንም አልሆንኩም፤ ጨርስ ብቻ» ብዬ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ምን ልበለው? እዚህ ሽታ ውስጥ አንድ ክረምት አለ፣ እዚያ ክረምት ውስጥ ደግሞ እኔ የሠራሁት ሥራ አለ ልበለው? ለዘመድ እንኳ ያልተናገርኩትን!

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አቃቂ በሰቃ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከእትዬ ዘነቡ ጋር የምንጋራው ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። እሳቸው ከነልጆቻቸው በግራ፣ እኛ ሦስታችን በቀኝ፤ ውኃውና የመብራት ቆጣሪው የጋራ ነው። አባዬ አናጺ ነበር። ከፋብሪካ የእንጨት ክፍል ከወጣ በኋላ ግቢው ጥግ ላይ ቆርቆሮ አልብሶ የእንጨት መሥሪያ ቤት አበጀ። እማዬ ደግሞ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። እዚያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሆዱ የባሰው ነው፤ እሷ ታዲያ ሻይ ስትቀዳ አንድ ቀልድ ጣል ሳታደርግ ብርጭቆ አታቀብልም። ቤት ስትመጣም ያው ናት።

ያን ዓመት አባዬን ማሽን የመግዛት አባዜ ያዘው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ይሄድና በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይመለሳል። ደጃፍ ላይ ጭቃውን እያራገፈ፣ የአቃቂ ጭቃ ደግሞ ጫማ ከያዘ አይለቅም፣ ዕቃውን ከጀርባው ሊደብቅ ይሞክራል። ያንን የሚያህል መጋዝ!

«ምንድን ነው እሱ ደምሴ?»

«የሰው አደራ ነው።»

«የማን ሰው?»

«የ... የአንድ ጓደኛዬ።»

«ይሄ ጓደኛህ ሌላ ዘመድ የለውም? ባለፈው ቅዳሜም አደራ፣ የዚያኛውም ቅዳሜ አደራ። የአደራ ማስቀመጫ መጋዘን ሆንን እኮ!»

አባዬ እንደተያዘ ልጅ ይሽኮረመምና ይስቃል። ሁለት ድሪል፣ አንድ ብረት መቁረጫ፣ የኮረንቲ መላጊያ፣ እንጨት የምታለሰልስ ማሽን፣ ቀጭን ምላሷን እያወጣች እያስገባች ስስ ጣውላ፣ ኮምፔርሳቶ የምትቆርጥ መጋዝ፣ አንድ ደግሞ ጥርሱ የሚያስፈራ ትልቅ ክብ መጋዝ። መሥሪያ ቤቱ ክረምት ክረምት ስለሚያፈስ ዝገት እንዳይበላቸው ማታ ማታ ሁሉም ቤት ይገባሉ። ግማሾቹ አልጋ ሥር፣ ግማሾቹ ቡፌ ውስጥ።

እማዬ «ጣውንቶቼ» ነበር የምትላቸው። ስም ሁሉ አውጥታላቸዋለች። ክቡ መጋዝ «አማቴ» ነው፤ ገና ሲነሳ ስለሚጮህ። የምታለሰልሰዋ ማሽን «ቅምጥል» ተባለች፤ በሁለት እጅ አቅፈው ካልያዟት አትሠራም። አንድ ቀን እንግዳ መጥቶባት ብርጭቆ ልታወጣ ቡፌውን ብትከፍት ድሪሉ ተጋድሞ አገኘችው።

«ደምሴ! ለእንግዳ ሻይ በድሪል ልቅዳለት?»

«ብርጭቆዎቹን አልጋ ሥር አድርጌልሻለሁ።»

«ከአማቴ ጋር?»

እትዬ ዘነቡ ከደጅ ሆነው በሳቅ ፍርስ አሉ። አባዬ ግን አይሸነፍም።

«አንቺስ ስንት ድስት አለሽ? አንድ ቀን ቆጥሬብሽ አውቃለሁ?»

«የኔ ድስቶች ያበሉሃል። ያንተዎቹ ያደነቁሩኛል።»

«ቀስ በይ፣ አማትሽ እየሰማችሽ ነው!»

እንደዚህ ነበርን። ቤታችን ውስጥ ጠብ የሚመስል ነገር ሁሉ ሳቅ ነበር። ለዚህ ነው ያን ክረምት ሳስታውስ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሳቁ የሆነው።

የኔ ሥራ ሰጋቱራ መጥረግ ነበር። ማታ ማሽኖቹ ሲያርፉ መጥረጊያና ማዳበሪያ ይዤ እገባለሁ፤ ለምድጃ ይሆናል። የዋንዛው ለስላሳና ሙቅ ነው፣ የጥዱ አፍንጫ ይሰረስራል፤ የባሕር ዛፉ ደግሞ እግር ላይ ይጣበቃል። አንድ ቀን እንደዚያ ስጠርግ አባዬ «ነይ እስኪ አንቺም ሞክሪያት» ብሎ ድሪሉን በሁለት እጄ አስያዘኝና ከኋላዬ ሆኖ ቁልፉን ተጫነው። ጥርሴ ሳይቀር ተንጫጫ። ከለቀቅሁት በኋላም መዳፌ ውስጥ ንብ የገባ ይመስል ሲነዝረኝ ቆየ። እየሳቅሁ «እየው አባዬ፣ አሁንም ይነዝረኛል!» ብዬ ዞር ስል፣ አባዬ ከጠረጴዛው ላይ ምስማር ሊያነሳ እጁን ዘርግቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ምስማሩን አንድ ጊዜ ሳተው፣ ሁለተኛም ሳተው፤ በሦስተኛው በመዳፉ ጠርጎ ወደ ኪሱ ከተተው። የኔ ንዝረት ወዲያው ቆመ። የእሱ አልቆመም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እጁን ስጠብቅ እውል ጀመር። ሻይ በብርጭቆ መጠጣት ከተወ ቆይቷል፤ በጣሳ፣ ያውም ግማሽ ብቻ ነው የሚቀዳለት። ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እማዬ ናት፤ «ዛሬም ሙሽራዬ ነህ፣ ቁም ቀጥ ብለህ» እያለች። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ሰው ፊት ምግብ አይነካም። «ጨጓራዬን ነው» ይላል። ይሄን ሁሉ ለየብቻው አውቀው ነበር፤ አንድ ላይ ያያያዝኩት ግን ያን ጊዜ ነው፤ ያያያዝኩትም በገዛ ራሴ መንገድ።

መምህራችን ኮረንቲ በሰው ገላ ውስጥ ያልፋል ብሎን ነበር። በቃ፣ ገባኝ! ማሽኖቹ ናቸው። በያዛቸው ቁጥር ኮረንቲያቸውን እጁ ውስጥ ይተዋሉ፤ ብዙ ማሽን በገዛ ቁጥር ብዙ ይጠራቀማል። እማዬ ትቀልዳለች፣ አባዬ ይስቃል፣ የሚገድለው ነገር አልጋ ሥር እንደተኛ ያወቅሁ እኔ ብቻ። ክፉ ልጅ አልነበርኩም እኮ። ብልጥ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ እሱ ይብሳል።

መጀመሪያ በአፌ ሞከርኩ። ምሳ ላይ «አባዬ፣ ማሽኖቹን ሽጣቸው» አልኩት።

«ይኸው! አንቺም ከእናትሽ ጋር አደምሽብኝ?» ብሎ ሳቀ።

«የምሬን ነው። ብዙ ናቸው፤ አይበቃህም?»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች እማዬ፣ «እንግዲህ ሁለት ለአንድ ሆንን።»

ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁብኝ። ያለቀሰ ሰው የለም፣ ከኔ በቀር፤ እኔም ሽንት ቤት ገብቼ ነው።

ከዚያ ቆጣሪው ትዝ አለኝ። የቆጣሪው ሳጥን ከማድቤታችን ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ነበር። አባዬ የደረደራቸው ጣውላዎች ላይ ከወጣሁ እደርስበታለሁ። ክረምቱን መብራት በየቀኑ ይሄዳል። ሲሄድ ሁሉም «ሄደ» ይላል፤ ሲመጣ የእትዬ ዘነቡ ልጆች «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ በመካከሉ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ቆጣሪ የሚያይም የለም። አንድ ከሰዓት አባዬ «አማቴን» ይዞ ጣውላ ሲሰነጥቅ ጥቁሯን ማንሻ ወደ ታች ሳብኳት። ጩኸቱ እየቀጠነ ሄዶ ጸጥ አለ።

«ሄደ» አለ አባዬ ከውስጥ።

«ሄደ» አሉ እትዬ ዘነቡም።

ሄጄ አየሁት። ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ዝናቡን ያያል። እጆቹ ፀጥ ብለዋል። እልል ልል ምን ቀረኝ! ለካ ሥራ ሲፈታ ነው የሚያርፉት፤ እኔ ግን ኮረንቲው ስለተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ አጠፋለሁ፣ ትንሽ አቆይና መልሼ አበራለሁ። ልጆቹ «መጣ!» ሲሉ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።

በዚያው ሰሞን ሙዘይን ሥራ አመጣ። ሙዘይን የስልጤ ሰው ነው፤ በሰቃ ውስጥ ሱቅ ነበረው፣ ሊያሰፋውም ፈልጎ ባንኮኒና መደርደሪያ አዘዘ። ከአባዬ ጋር ተግባብተዋል፤ «አንተ ሰውዬ» እየተባባሉ ነው የሚቀላለዱት። እማዬ ልብስ እያሰጣች ለእትዬ ዘነቡ ስትነግራቸው ሰማሁ፦

«ወንድሞቹ ገላን ኮንዶሚኒየም ሥር ሦስት ሱቅ ሊከፍቱ ነው። ይሄ ካማረለት ያንን ሁሉ ሥራ ለደምሴ ነው የሚሰጡት።»

«እግዚአብሔር ይርዳው።»

«ይሄ ካልሆነለት ግን እትዬ፣ ከእንግዲህ ማን ይጠራዋል? በዚህ ሰሞን ስንቱ መለሰው።» ልብሱን አጥብቃ ጨመቀችና ወዲያው «ካልሆነለትም ማሽኖቹን ተራ አስይዤ ሻይ አስቀዳቸዋለሁ» አለች። እትዬ ዘነቡ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

አባዬ ያንን ባንኮኒ እንዴት አድርጎ ሠራው! ሙሉ ዋንዛ፣ ጠርዙ ለስልሶ፣ ቫርኒሹ ፊት የሚያሳይ። ሐሙስ ቀን ሙዘይን ፒክአፕ ይዞ ሊወስደው መጣ። የቀረችው ሻጩ የሚገባባት ትንሽ በር ብቻ ነበረች፤ ሁለት ማጠፊያ፣ ስምንት ቪቴ። አባዬ ድሪሉን ሰክቶ ተዘጋጅቷል። «ቅምጥልም» አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ ተሰክታ ተቀምጣለች፤ ጠርዝ ሲያለሰልስ ቆይቶ ነበር። ጠዋት ሻዩን ደረቱ ላይ ደፍቶ ስለነበር ሆዴ ባብቷል። አሰብኩ፦ ስምንት ቪቴ ምን አላት? ይህችንስ በእጁ ያጥብቃት፣ ኮረንቲ ሳይነካው ይጨርስ። ዞሬ ጣውላው ላይ ወጣሁና ማንሻዋን ሳብኩ።

እዚያው ጣውላው ላይ እንደቆምኩ፣ ከአጠገቡ ባለው በመሥሪያ ቤቱ ቆርቆሮ ቀዳዳ አያለሁ።

«ሄደ» አለ አባዬ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ችግር አለው ጋሽ ደምሴ» አለ ሙዘይን፣ «ካቻቪቴ የለህም? በእጅ አጥብቃትና እንሂድ። ሹፌሩ እየጮኸብኝ ነው።»

«ትንሽ እንጠብቅ። ይመጣል።»

«ወላሂ፣ ይሄ መብራትማ እስከ ማታም ላይመጣ ይችላል።»

እማዬ ሻይ ይዛ ደረሰች። ያን ቀን ሥራ አልሄደችም። «አይ ሙዘይን! የኔ ባል ካቻቪቴ ከነካ ማሽኖቹ ያኮርፋሉ እኮ! ሰባት ሚስት ያለው ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚንቀሳቀስ መሰለህ? ተቀመጥ፣ ሻይህን ጠጣ።»

ሙዘይን ሳቀ፣ ጠጣ። እማዬ ሌላ ቀልድ አመጣች፣ ሌላም። እንደዚያን ቀን ስትቀልድ አይቻት አላውቅም፤ ትንፋሽ አትወስድም። ከደጅ ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። ሙዘይን ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ።

«በል እንግዲህ ጋሽ ደምሴ፣ አንተ ሰውዬ፣ ሰነፍክ እንዴ?» ብሎ ካቻቪቴውን ራሱ ከመደርደሪያው አንስቶ አቀበለው።

አባዬ ተንበረከከ። በግራ እጁ ቪቴዋን ያዘ፣ በቀኙ ካቻቪቴውን። ጫፉ ቪቴዋን ማግኘት አልቻለም። ጠ-ጠ-ጠ-ጠ እያለ እንጨቱን ይመታል። ቪቴዋ ወደቀች። ሌላ አነሳ። ካቻቪቴው ተንሸራቶ ቫርኒሹን ጫረው፣ ረጅም ነጭ መስመር። አባዬ በእጅጌው ጠረገው፤ ጭረት ይጠረጋል? ደግሞ ሞከረ። ላቡ ባንኮኒው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሙዘይን መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው አየ፣ በመጨረሻ ጎንበስ አለ።

«ይስጡኝ አባቴ» አለው ቀስ ብሎ። ያ ሁሉ «አንተ ሰውዬ» የት ገባ? «እኔ ላጥብቃት። ይረፉ እርስዎ።»

አባዬም ሰጠው። ስምንቱንም ቪቴ ገዢው ተንበርክኮ ሲያጠብቅ፣ አናጺው ቆሞ አየ።

ያኔ ነው እማዬ ቀና ያለችው። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤቱ እየፈጨ ነበር፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። የሚፈጨው በኮረንቲ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ወጥታ ወደ ማድቤት ጀርባ ዞረች። ጣውላው ላይ ቆሜ አገኘችኝ። ትገለኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልነካችኝም። እጇን በራሴ ላይ አሳልፋ ማንሻዋን ወደ ላይ መለሰቻት።

«መጣ!» አሉ ልጆቹ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቅምጥል» ቁልፏ ሳይጠፋ ቀርቶ ኖሮ ብቻዋን ጠረጴዛው ላይ ተነሳችና እየተንቀጠቀጠች መዞር ጀመረች። የያዛት ሰው አልነበረም።

«ይሄ መብራት ደግሞ ያሾፍብናል!» አለች እማዬ ጮክ ብላ፣ ፊቷን ወደ እነሱ መልሳ። ድምጿ ግን ተሰነጠቀ።

ሙዘይን ጨዋ ሰው ነው። ስለ ጭረቱ አላነሳም። ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ ሰው ለሠራተኛ የሚለውን አለ፤ ሌላ ምን ይበል? «እጅዎን ይባርከው።» አባዬ «አሜን» አለ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ። ገላን ስላሉት ሱቆች ወሬ ያመጣልን ሰው የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ከሰዓት እማዬ ማድቤት ጠራችኝ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ኮረንቲው፣ ስለሚጠራቀመው፣ ስንቴ እንዳጠፋሁ። እስክጨርስ ሽንኩርት ስትልጥ ቆየች።

«ኮረንቲ አይደለም ልጄ» አለችኝ። «እጁ የጀመረው ከማሽኖቹ በፊት ነው። መሮና መዶሻ አልታዘዘው ሲል ነው ማሽን መግዛት የጀመረው። ማሽን በሁለት እጅ ይያዛል፣ ራሱም ይንቀጠቀጣል፤ የቱ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ቁልፉን የምቆልፍለት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን ትቀልጅበታለሽ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ሰው በማሽኖቹ ብዛት ሲስቅ እጁን አያይማ» አለች። «እሱም እንደማውቅ እንዳላወቀ ሆኖ ነው የሚኖረው። አንቺም አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። መብራት ነው የሄደው። ገባሽ?»

ገባኝ። ምነው ባልገባኝ!

ከዚያ ቀን በኋላ እማዬ ስለ ማሽኖቹ ቀልዳ አታውቅም። አባዬ ይሞክራት ነበር፣ አፈር ልብላለት። «አስካለ፣ አማትሽ ታማለች መሰለኝ፤ ከሰማኋት ሰነበትኩ» ይላል ከአልጋው ጠርዝ ሆኖ። እሷ ድስቷ ውስጥ ታማስላለች። «አስካለ፣ ዛሬስ አትሰድቢኝም?» ይላል ደግሞ። «ሥራ ይዣለሁ ደምሴ» ትለዋለች፣ ዞር ሳትል። ቅዳሜ ሲመጣም ምናለሽ ተራ አልሄደም። ማሽኖቹ አልጋ ሥር አቧራ ለበሱ። የምጠርገው ሰጋቱራም አልነበረኝም፤ እማዬ ምድጃውን በግዢ ከሰል ማንደድ ጀመረች።

ጳጉሜ ላይ፣ ዝናቡ ሊያባራ አካባቢ፣ አንድ ከሰዓት አባዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሬዲዮው እየዘፈነ ድንገት ተቋረጠ።

«ሄደ» አሉ እትዬ ዘነቡ።

አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ቢኖር በወደድኩ።

«ልጄ» አለኝ፣ «እስኪ ቆጣሪውን እዪልኝ።»

ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል «የዚያን ቀን ወፍጮውን እኔም ሰምቼዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሮጥኩ። ጣውላው ላይ ወጥቼ አየሁ፤ ማንሻዋ ወደ ላይ ናት። ማንም አልነካትም። የእውነት ነው የሄደው። ተመልሼ ፊቱ ቆምኩ።

«እኔ አይደለሁም አባዬ። የዛሬው እኔ አይደለሁም።»

«እሺ» አለ።

ሌላ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ ለምን እንዳደረግሁት፣ ምን መስሎኝ እንደነበር። እሱም አልጠየቀኝም። እጁን ዘረጋ፤ አየሩ ላይ ትንሽ ተንከራተተና ራሴ ላይ አረፈ። ያ ሁሉ የፈራሁት ኮረንቲ፣ በእጁ ውስጥ ተጠራቅሟል ያልኩት፣ ወደኔ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልነዘረኝም። ጣቶቹ ብቻ ፀጉሬ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ።

እስኪያቆሙ ድረስ ሳልንቀሳቀስ ቆምኩ። መብራት መጣ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ሬዲዮው መልሶ መዝፈን ጀመረ። ጣቶቹ አላቆሙም።